«ነፍስ አለው» ያልኩት ድኩላ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬያለሁ፤ መዋሸቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን። «ሌላስ የቀረህ የለም ልጄ?» ሲሉኝ «የለም አባ» እላለሁ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምለው። ለምን አልነገርኳቸውም? ብነግራቸው ቀኖና ይሰጡኛል፤ ጹም ይሉኛል፣ ስገድ ይሉኛል፤ ጾሜ ሰግጄ ስጨርስ ነገሩም አብሮ ያልቃል። እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ደግሞ እንዲህ እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። እሳቸው የስመኝም ንስሐ አባት ናቸው። አፈርኩ። ማፈር የኖርኩበት ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣውም ከእሱ ነው።

ሰው ገድያለሁ። ቢላ አላነሳሁም፣ ጥይት አልተኮስኩም። ሁለት ቃል ተናገርኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መናገር በነበረብኝ ጊዜ ሁሉ ዝም አልኩ። የሞተው ሰው ይበልጣል ይባላል። ከጥርባ ሐይቅ በላይ ያለውን ደን የሚጠብቅ፣ አብሬው ያደግሁ፣ እንደ ወንድም የማየው ሰው ነበር። ስመኝ የእሱ ሚስት ናት። «እንደ ወንድም» ማለትም አይገባኝም። ወንድም እንዲህ ይደረጋል?

እኔ አንማው እባላለሁ፤ የከብት ሐኪም ነኝ። መሥሪያ ቤቱ «የእንስሳት ጤና ረዳት» ነው የሚለኝ፤ ገበሬው ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ይመስለዋል። የምሠራው በተወለድኩበት ቀበሌ፣ አንዲት ክፍል ባላት የእንስሳት ጤና ኬላ ውስጥ ነው። እዚያ በግ አክማለሁ፣ ፈረስ አክማለሁ፣ ክትባት ሲመጣ እከትባለሁ። ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሰዉም ወዶኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። የወደዱኝ ግን ለአጭር ጊዜ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሼ ደሴ ላም ነው። ጋሼ ደሴ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምላሳቸው ግን አያርፍም። እሳቸው ሰኞ የቀለዱበት ሰው በሳምንቱ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ ሲሳቅበት ይውላል። ለመስቀል ሰንጋ የሚሸጥበት ሰሞን ላማቸው በረት ውስጥ ሞታ አደረች። ሆዷ ተነፍቷል፣ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ደም አለ። እኔ ሳያት አንድ ነገር ብቻ መጣብኝ፤ አባሰንጋ።

አባሰንጋ ከብትም አውሬም ሰውም የሚገድል በሽታ ነው። በእሱ የሞተውን ከከፈታችሁት፣ ቆዳውን ከገፈፋችሁት፣ በሽታው በደሙ ወደ አፈሩ ይገባና ዓመት ከዓመት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ የተማርነው ሕግ አጭር ነው፤ ከተጠራጠርክ አትክፈት፣ አታስነካ፣ አሳውቅ። እኔም እንደ ሕጉ አደረግሁ። ቆዳዋን እንኳ አትነኩም ብዬ በሬሳዋ ላይ ቆምኩ። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ኖራ አስደፋሁባት፣ ወደ ወረዳ ደወልኩ። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ከቀበሌያችን አንድም ከብት ገበያ እንዳይወጣ ተባለ። መስቀል እንዲሁ አለፈ። ውጤቱ ሲመጣ አባሰንጋ አይደለም። ላሚቱ እርጥብ የማገጥ ሣር ጠግባ በልታ ነፍቷት ነው የሞተችው።

አጥፍቼ ነበር? አላጠፋሁም። መጠርጠር ሥራዬ ነው፤ ተጠራጥሮ ዝም ማለት ነው ጥፋቱ። ይህን ዛሬ እያወራሁት ነው፤ ያኔ ግን ማን ይስማኝ? ጋሼ ደሴ «አባሰንጋው» ብለው ስም አወጡልኝ። ስሙ እንደ ቅንጭብ በየቤቱ በቀለ። ሠርግ ቤት ስገባ «አባሰንጋው መጣ፣ ሥጋውን ደብቁ» ይባላል። ለቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን ይጠቃቀሳሉ። ከብታቸው ሲታመም እኔን ማየት ትተው እንጅባራ ድረስ በሚኒባስ ሄደው መድኃኒት ገዝተው ይመለሱ ጀመር። እኔ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን በሬን ከውስጥ እቀረቅር ነበር።

ይበልጣል አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ሰው ሲጠራኝ ከሰማ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን በአዊኛ ነው የምናወራው፤ አንድ ቀን በዚያው በአዊኛችን «አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው፤ እነሱ ሥጋ ስላመለጣቸው ነው የተናደዱብህ» አለኝ። ይህን ያለኝ እሱ ብቻ ነው። የገደልኩትም እሱን ነው።

ይበልጣል የሚጠብቀው ደን ሰፊ አይደለም። ዙሪያውን ሰዉ ለከሰል የሚተክለው ግራር ከቦታል፤ ግራሩ እየገፋ ሲመጣ የቀረው ወደ ሐይቁ ቁልቁል የሚወርደው የጥንቱ ዛፍ ነው። እዚያ ድኩላም ሚዳቋም ተጠጋግቶ ይኖራል፤ የሰፈሩ ከብትም ውኃ ለመጠጣት እዚያው ይወርዳል። ይበልጣል ድኩላዎቹን በቀንዳቸውና በጎናቸው ነጠብጣብ ለይቶ ያውቃቸዋል። የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛው እንደሚያነክስ ይነግረኛል። እኔ እሰለች ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ትንሣኤ አልፎ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ የሚበላበት። ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናቡ መጣል ጀምሯል። አንድ ጠዋት ይበልጣል ኬላው ድረስ መጣ። ከሐይቁ በላይ አንድ ወንድ ድኩላ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆሟል አለኝ። ሲጠጋው አይሮጥም፤ አንገቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። በዚያው ሰሞን አንዲት ሚዳቋ ሞታ አግኝቷል፤ ጠባሳም ቁስልም የላትም፣ አውሬም አልነካትም፣ ግን ከበሮ እስክታክል ተነፍታለች። «እኔ እንጃ፣ ይህ እንዲያው ሞት አልመሰለኝም። በሽታ ቢሆንስ? ወርደህ እይልኝ» አለኝ።

ገና ሲነግረኝ አወቅሁ። ጤነኛ ድኩላ የሰው ኮቴ ሲሰማ ጥላውም አይታይም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ድኩላ የታመመ ድኩላ ነው። ሚዳቋዋ እንዲያ መነፋቷ፣ ድርቅ ሰብሮ ዝናብ የጣለበት ወቅት መሆኑ፣ ሁሉም ተደማምሮ አንድ ስም ነበር የሚጠራው። እኔ ያን ስም መጥራት የማልችል ብቸኛው የከብት ሐኪም ነበርኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ኔትወርክ አልነበረም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነበር። መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። መጀመሪያ ልይ ብዬ ቦርሳዬን አንግቼ ተከተልኩት።

ስንደርስ ድኩላው ወድቋል። ጋሼ ደሴና ከብት ውኃ ያወረዱ ጥቂት ጎረቤቶች ከበውታል። አፉን ከፍቶ ያጣጥራል፤ በአፍንጫው ጥቁር ደም ወጥቷል። ሰዎቹ ቢላ ይፈልጋሉ። ድኩላ ማደን ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ራሱ የወደቀውን ግን ማን ይከለክላል? የቸኮሉት ስለ ሌላ ነገር ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ ሥላሴ ቢላ ካረፈበት ሥጋው ሥጋ ነው። ነፍሱ ከወጣች በኋላ ከሆነ በክት ነው፤ የተራበ ሰው እንኳ አይነካውም። በሽታ ነበረበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ነፍስ ብቻ ነው።

ይበልጣል እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። «ቆዩ፣ መጀመሪያ አንማው ይየው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ደሴ ዱላቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እንግዲህ አባሰንጋ ነው ልትለን ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ከባድ አልነበረም፤ የለመዱት ሳቅ ነው። እኔ ግን ተንበረከክሁ፣ ፊቴ እሳት ሆኖ።

እጄን ዓይኑ ላይ አደረግሁ። ዓይኑ አልተጨፈነም። ማጣጣሩ ቆሟል። የኋላ እግሩ አንዴ ንቅንቅ አለ፤ ያ የጅማት መሳብ ነው፤ ከሞተም በኋላ ይመጣል። ጋሼ ደሴ ከላዬ ቆመው «ነፍስ አለው ወይስ በክት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ቆሜ ነው የኖርኩት። አያችሁ፣ ጀግና መሆን አልተጠየቅሁም። አባሰንጋ የሚለውን ቃል አንዴም ማንሳት አያስፈልገኝም ነበር። «በክት ነው» ብል ይበቃ ነበር። እውነት ነበር፤ ሞቶ ነበር። አንድም ሰው አይስቅብኝም፤ ጋሼ ደሴ ራሳቸው ምራቃቸውን እንትፍ ብለው፣ ዱላቸውን አንስተው ወደ ከብታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከይበልጣል ጋር ብቻችንን ቀርተን ቅጠል ከምረን ማቃጠል እንችል ነበር። አገሬ ራሷ መውጫ በር ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን «ነፍስ አለው» አልኩ።

ለምን? ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። ለአንድ ቀን እንኳ ሥጋ የሚቀብር ሳይሆን ሥጋ የሚሰጥ ሰው ለመሆን ነው። ጋሼ ደሴ ትከሻዬን መታ አድርገው «አሁን ገና ሐኪም ሆንክ» እንዲሉኝ ነው። አሉኝም። ደስ አለኝ። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ኑዛዜዬ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቢላ የነበረው ይበልጣል ነው። አራጁም እሱ ሆነ። አንገቱን አዙሮ፣ በስመ አብ ወወልድ ብሎ አረደው። የቀኝ እጁ አንጓ ላይ በቀጋ እሾህ የተጫረ ትኩስ ጭረት ነበር። ደሙ እንደ ደም አልፈሰሰም። ወፍራም ቀለም ይመስል ጥቁር ሆኖ ቀስ እያለ ወጣ፤ መሬት ላይ ቆይቶ እንኳ አልረጋም። ደም ካልረጋ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ይበልጣል ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ እኔ ግን አንገቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። እሱም ጎንበስ ብሎ መግፈፍ ጀመረ። እጁ እስከ ክንዱ ድረስ በዚያ ደም ተነከረ። እኔ ቆሜ አየሁ።

አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ። «የዱር ሥጋ ጠንካራ ነው፤ ጥሬውን እንዳትበሉት፣ በደንብ ቀቅሉት» አልኩ። ይህ ምክር ነው የሚከሰኝ። ባላውቅ ኖሮ ለምን እንዲህ እላለሁ? የፈሪ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ነገሩን አለባብሼ፣ ሕሊናዬን አባብዬ የሄድኩበት። ለእኔም ድርሻዬ ተሰጠኝ፤ በቅጠል ተጠቅልሎ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ከጓሮዬ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ እጄን በበረኪና ደጋግሜ ታጠብኩ። የእኔን እጅ አጠብኩ። ወደ ሰዎቹ ቤት ሄጄ «አትብሉት» የምልበት እግር ግን አልነበረኝም።

ሥጋውን የበሉት ሁሉ ደህና ሆኑ። መቀቀሉ በጀ መሰለኝ። ጋሼ ደሴ ዛሬም አሉ፤ ዛሬም ይቀልዳሉ። እኔ ቀናቶቹ ሲያልፉ በየመንገዱ የሰዉን ፊት እያየሁ «ተርፈናል» እያልኩ መተንፈስ ጀመርኩ። እግዚአብሔርን እንኳ አመሰገንኩ፤ ድፍረቴን እዩልኝ።

ከዚያ ስመኝ አስጠራችኝ። ይበልጣል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እጁ አንጓ ላይ፣ ያ ጭረት የነበረበት ቦታ ላይ፣ መጀመሪያ የሚያሳክክ ትንሽ ነገር ወጥቶበት ነበር አለችኝ። ከዚያ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ መሃሉ ጠቆረ። አሁን ዙሪያው ሁሉ አብጧል። «ያምሃል?» አልኩት። «አያምም እኮ፤ የሚገርመው እሱ ነው» አለኝ። ሲያብጥና ሲጠቁር የማያም ቁስል አንድ ነው። እኔ ያን ቁስል በትምህርት ቤት በሥዕል አይቼዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበት አልፌያለሁ።

የሰፈሩ ሴቶች አልማዝ ባለጭራ ነው ብለውታል፤ ስመኝም ቅጠል ጨምቃ ቀብታዋለች። በልቤ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም እላለሁ። በአፌ ምን አልኩ? «አልማዝ ባለጭራ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ጤና ጣቢያ ብትታይ አይከፋም» አልኩ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር። ውስጡ ለከብት የምወጋው ፔኒሲሊን አለ፤ ጤና ጣቢያውም የሰውን አያጣም። ቁስሉ በጊዜው ስሙ ከተጠራ በሽታው በዚህ በተራ መድኃኒት ይድናል። የጎደለው መድኃኒት አልነበረም። የጎደለው ስሙን የሚጠራ ሰው ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ደጃፉ ላይ አብሮት ተቀምጦ ነበር።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ ሊሄድ ሲነሳ ወደ ጎን ሳብ አደረግሁትና «ስለ ድኩላው አታንሳ» አልኩት። «አንተ የደኑ ጠባቂ ነህ፤ ጠባቂው ራሱ ድኩላ አረደ ቢባል ከሥራህ ትባረራለህ» አልኩት። አስቤለት የተናገርኩ አስመስዬ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለእሱ ሥራ አልነበረም። ስለ ድኩላው ቢናገር ሐኪሙ ይጠይቀዋል፤ ከጠየቀው ማን ነፍስ አለው እንዳለ ይመጣል፤ ከመጣ አባሰንጋው አባሰንጋን ሳያውቅ ቀረ ይባላል። ይበልጣል ራሱን ነቅንቆ «እውነትህን ነው፤ አመሰግናለሁ» አለኝ። እኔን አመሰገነኝ።

እንደነገርኩትም አደረገ። ጤና ጣቢያ ያገኘው ወጣት ሐኪም ቁስሉን አይቶ ምን ነካህ ሲለው «እሾህ ወግቶኝ ነው» አለ። ቅባት ተሰጥቶት ተመለሰ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያልተነገረውን ከየት ያምጣ? ከዚያ ስመኝ ጠበል ወሰደችው። እኔ በየቀኑ እጠይቀው ነበር፤ ብርቱካን ይዤ። ብርቱካን ይዤ እሄድ ነበር። እብጠቱ ክንዱን ወጥቶ ወደ ብብቱ፣ ከብብቱ ወደ አንገቱ ሄደ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠው ጀመር። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እገባለሁ፤ በየቀኑ ነገ ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ደግሞ መናገሩ ከበደኝ፤ አሁን ብናገር ትናንት ለምን ዝም አልክ እባላለሁና። ሰው በገዛ ዝምታው እንዲህ ይታሰራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መተንፈስ ሲያቅተው እኔ ነኝ ባጃጅ የጠራሁ። ወደ እንጅባራ ስንሄድ ስመኝ ከፊት ተቀምጣ፣ እኔ ከኋላ ራሱን በጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ያኔ ወሰንኩ። እንደደረስን ለሐኪሞቹ እናገራለሁ፤ የመጣው ይምጣ አልኩ። ሞት ግን ቀደመኝ። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ነገር ሊለኝ ፈለገ፤ ድምፁ አልወጣም። ባጃጁ ሲቆም ጭኔ ላይ የነበረው ራስ ከብዶኝ ነበር። ሐኪሞቹ ምን ሆኖ ነው ሲሉ ስመኝ እያለቀሰች ስለ አልማዝ ባለጭራ ነገረቻቸው። እኔስ? እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ከሞተ በኋላ እንኳ።

ቀብሩ ባለቀ ማግስት ወደ ደኑ ወረድኩ። ያን ጊዜ እጄም እግሬም ታዘዘልኝ። የድኩላውን አጥንትና ቆዳ ሰብስቤ አቃጠልኩ፣ ደሙ የፈሰሰበትን መሬት ኖራ አለበስኩ፣ ሚዳቋዋንም ፈልጌ እንዲሁ አደረግሁ። ወረዳ ሄጄ «ወቅቱ ያሰጋል» ብዬ ክትባት አስመጣሁና የሰፈሩን ከብት በሙሉ ከተብኩ። አንድ ከብት አልሞተም። ለከብቱ ሁሉን በትክክል አደረግሁ። ሥራዬን እችል ነበር ማለት ነው፤ ከዚህ የባሰ ምን ምስክር አለ?

ዛሬ በቀበሌ ስብሰባ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። ቆሜ እናገራለሁ፤ «ድኩላም ሆነ ሚዳቋ ከጓደኞቹ ተለይቶ ካያችሁ፣ ሰው ሲጠጋው የማይሸሽ ከሆነ፣ ከአፍንጫው ደም ከወጣ፣ ሞቶም ቶሎ ከተነፋ፣ እንዳትነኩት። ነፍስ አለው የለውም ብላችሁ አትከራከሩ። ውሻ አታስጠጉ፣ ከብት አርቁ፣ ጥሩኝ።» ያዳምጡኛል። ስሙም ጠፍቷል፤ አባሰንጋው የሚለኝ የለም። አንዱ ተነስቶ «ሰውም ይገድላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ሲለኝ፣ «በሌላ ወረዳ አንድ ሰው ነበር» ብዬ እጀምራለሁ። የራሴን ወንድም ሌላ ወረዳ ወስጄ ቀበርኩት።

ባለፈው የይበልጣል ሙት ዓመት ሲታሰብ ስመኝ ጠራችኝ። ሁልጊዜ ከካህናቱ ቀጥሎ ታስቀምጠኛለች፤ ባሏን በጭኑ ይዞ የወሰደ ሰው ነኝና። በዚያ ቀን ልነግራት ቆርጬ ነበር። ሰዉ ሲበተን ቀረሁ። «ስመኝ፣ ስለ ይበልጣል የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። ስሙን ስትሰማ ፊቷ ፈካ። «እኔም የምነግርህ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ሳልነግርህ ቀርቼ» አለችኝና ቀደመችኝ።

«ያን ድኩላ ያረደ ዕለት እቤት ገብቶ አጫውቶኝ ነበር» አለች። «ደሙን ሲያየው ደንግጦ እንደነበር ነገረኝ። ቢላውን ጥሎ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ቀና ብሎ አንተን ሲያይ ግን ዝም ብለሃል። ‹አንማው ዝም ካለ ምንም የለበትም ማለት ነው፤ እሱ ቢጠረጥር አገር እስኪሰማ ይጮህ ነበር፤ ሳቁብኝ አልሳቁብኝ የማይል ሰው እሱ ብቻ ነው› ብሎ ነው የቀጠለ። ሰው ምን ቢልህ እሱ አንተን እንዲህ ነበር የሚያምንህ ወንድሜ። ይህን እንድታውቅልኝ ብዬ ነው።»

ልታስደስተኝ ነው የነገረችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፈገግ ብላ ነበር። ጠላ ቀዳችልኝና «አንተስ፣ ምን ልትለኝ ነበር?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። «ደግ ሰው ነበር ልልሽ ነው፤ ነፍሱን ይማረው» አልኩ። እሷም «አሜን» አለች። የቀዳችልኝን ጠጣሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። በእናንተ ላይ ያደረግሁት የለም፤ ብትምሩኝም ምሕረታችሁ ለእኔ አይሆንም። ወጣት ነበርኩ፣ ሳቁብኝ፣ ፈራሁ አልልም፤ የሳቁበት ሰው ሁሉ ሰው አይገድልም። ይቅርታ የምትጠየቀው አንዲት ሴት ናት። ቤቷ ከቤቴ ብዙ አይርቅም። ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።